በሀ የሚጀምር ስም

ትምህርት ቤቴ፣ ሐዋሳ ውስጥ፣ ሃምሳ ዓመት ሞላውና
መጽሔት ታተመ፤ ሽፋኑ ሐይቅ፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ።
ገጽ አራት እንዲህ ይላል፦
«ከምሥረታው ጀምሮ ልጆችን ሁሉ
በእኩል ዓይን ሲያስተምር የኖረ።»
መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት፤
ዓረፍተ ነገሩን ግን እንደነበረ አገኘሁት።

ወጣቷ ርእሰ መምህርት መጣችና
«ጋሽ ላሚሶ፣ አንጋፋ ተማሪ ነዎትና
አምስት ደቂቃ ይናገሩልን» አለች በትሕትና።
አምስት ደቂቃ
የኋላውን አግዳሚ ለማውራት ምኑ ሊበቃ?

አንድ እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ የቆመ፣
ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር እየራሰ የከረመ፤
የሸክላ ሠሪ ልጆች፣ እዚያ ነበር ቦታቸው፣
ሀዲቾ እያልን፣ ድምፅ ዝቅ አድርገን የምንጠራቸው።
ሕግ ሆኖ አልተጻፈም።
ስላልተጻፈም የሚሰርዘው አልተገኘም።

በረንዳው ላይ ጋን ነበር፣ ቀይ፣ ሆደ ሰፊ፤
የሃሜሶ እናት ከጥቁር ውኃ ረግረግ
ጭቃ ተሸክማ የሠራችው።
ቀትር ላይ እንኳ ጥርስ የሚቆረጥም ውኃ።
ሁላችን በጣሳ እየጨለፍን ጠጣን።
ሃሜሶ ግን አጎንብሶ፣ መዳፉን ገጥሞ፣
ሌላ ልጅ ከላይ እያፈሰሰለት፣
ጣሳው እጁን እንዳይነካ።
ያ አፍሳሽ እኔ ነበርኩ፣ የክፍል አለቃ፣
በሒሳብ ዘጠና አምስት የማመጣው፤
የእናት ሸክላ ገብቶ ልጅ ደጅ የቀረበትን ስሌት
አንድ ቀን እንኳ ያልሠራሁት።

ከይርጋለም አዲስ መምህር መጡ፣
ባራሳ የሚባሉ፣ ኮታቸው አንድ ቁልፍ የጎደለው።
ስለ እኩልነት ትንፍሽ አላሉም።
መዝገቡን ገለጡና
«ከዛሬ ጀምሮ አቀማመጥ በፊደል ተራ ነው» አሉ፤
«ሀ የሆነ፣ ከፊት።»

ሃሜሶ ተነሣ።
ደብተሩን ደረቱ ላይ አቅፎ
ከኋላ እስከ ፊት ዐሥራ አንድ እርምጃ፤
ቆጥሬያለሁ።
ከሀ ቀጥሎ ለ ነው።
ላሚሶ ነኝ እኔ።
ያን ቀን ፊደልን ከነቆጣሪው ረገምኩ።

በማግሥቱ ዐሥራ ዘጠኝ ልጅ ቀረ።
አባቴ ከዘራውን ይዞ በር ላይ ተከራከረ፤
መምህሩ በአክብሮት መቀመጫ ሳቡለት፣
የሃሜሶን።
ቆሞ፣ ቆሞ፣ ሄደ።
ለፈተና ሰሞን ብዙዎቹ ተመለሱ፤
ሦስቱ ግን በዚያው ቀሩ፣
አንዱን ዓሣ ገበያ ሚዛን ይዞ አየው ነበር።
መጽሔቱ ይህንንም አይልም።

እኔ ደግሞ በምላጭ ስባሪ
ዴስኩን ከመሐል ቀደድኩት፣ ከዳር እስከ ዳር፤
«ክርንህ ይህን እንዳያልፍ!» አልኩት።
ምንም አልመለሰልኝ።
በነጋታው ስመጣ መስመሬ የለም፤
በጭቃ ተሞልቷል፣ በአውራ ጣት ታሽቶ፣
እንደ ጋን አንገት ለስልሶ።
ፋቅሁት። ሞላው።
ፋቅሁት። ሞላው።
ሰኔ እስኪገባ በዚህ ተነጋገርን።
የተውኩት ደግ ሆኜ አይደለም፣
ምላጩ ዶልዱሞ ነው።

ጣሳውን አንድ ቀን ራሱ አነሣው።
ጠጣና ለእኔ አቀበለኝ፣ ክፍሉ ሁሉ እያየ።
ጠምቶኝ ነበር።
ውኃው ያው ውኃ ነበር፤
ምን እንደጠበቅሁ እንጃ።

ትናንት መጋዘኑን አስከፈትኩ፤
ከተቀዳደዱ ካርታዎች ሥር፣ ከአይጥ ኩስ ጋር፣
ዴስካችንን አገኘሁት።
ጣቴን አሳለፍኩበት፤ እንጨቱ በስብሷል፣
ጭቃው አልበሰበሰም።

ሃሜሶ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።
ስድስተኛን ጨርሶ ሄደ ይላሉ፣ የት የሚል ግን አላገኘሁም።
እኔም አርባ ዓመት አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ፣ ድንኳኑ ሞልቶ፣ ማይክራፎኑ ሲጮኽ፣
መጽሔቱን አጥፌ
ስም እጠራለሁ፦
«ሃሜሶ ዳፉርሳ!»
ከዚያ እጠብቃለሁ፣ ደቂቃዎቹ ቢያልቁም።
ቀጥሎ ያለው ስም የኔ ነው።