አንድ ጣት

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቆርቆሮው ስር፣
ቅዳሜ ነበረ፣ ገበያው ሲሰክር፣
ባያብል መጣልኝ ኮሮላዋን ነድቶ፣
ከሶማሌ ተራ ካርቶን ሙሉ ሸምቶ፤
አራት ቀያይ ሞላ፣ አጫጭር፣ አዳዲስ፣
አራት ሾክ አብዞርበር ገና በላስቲክ ልብስ።
«የሁለት ኩንታል በርበሬ ዋጋ ነው» አለኝ፤
«ይመናሹ፣ በሞቴ፣ መሬት ትሳምልኝ።»

ሳቅኩበት። የቡሬን መንገድ ታውቁት የለ?
ጉድጓዱን ያመለጠ ጉብታው ላይ ዋለ።
ኮብልስቶኑ ጥርስ ነው፤ ወደ ሽንዲ ሲሄዱ
ለበቅሎ እንኳ ይከብዳል አንዳንዴ መንገዱ።
ሌላው ሰው ሲመጣ «ከፍ አድርጊልኝ» ይላል፣
በሞላው ቀለበት ጎማ ያሰካካል፤
ይሄ ግን ዝቅታን በገንዘብ ይገዛል።
«ለምን?» ብዬ ጠየቅኩት። «ያምራል» አለኝ፣ በቃ።
ስንት ትዳር ቆሟል በዚያች ቃል ጥበቃ።

«ነባሩን ቁረጪው» የሚሉኝም አሉ፣
በግራይንደር ሁለት ዙር ቀንሰው የሚምሉ።
አልቆርጥም። የተቆረጠ ሞላ ቂም ይይዛል፣
ጭነት የበዛ ቀን ከቦታው ይወጣል።
አዲስ ሞላ ደግሞ በድሮ ሾክ አይሆንም፤
ሞላ መዝለል ያውቃል፣ ማረፍን አያውቅም፤
«በቃህ» የሚለው ሾኩ ነው፣ ከውስጡ ቆሞ፣
በዘይት የሚመክረው፣ ሳይቆጣ፣ ደጋግሞ።

ክሪኩን አስገብቼ ጎማዋን ፈታሁ፣
ዳዶው ዝጎ ነበር፣ ናፍጣ አጠጣሁ፤
በሞላ መጭመቂያ ሞላውን አስሬ
አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ትንፋሼን ቋጥሬ።
(የታሰረ ሞላ ካመለጠ ሰው ይበላል፤
ካስተማሪዬ እጅ አንድ ጣት ይጎድላል።)
አራቱን አሮጌ፣ ጭቃ እንደለበሱ፣
በሰልፍ አቆምኳቸው፣ እስኪተነፍሱ።

የኋላዎቹ እኩል ናቸው።
የፊቶቹን ሳያቸው
አንድ አልሆነም ቁመታቸው፤
ግራው ከቀኙ
አንድ ጣት አጥሯል።

በሜትር ለካሁት፤ ገልብጬ ለካሁት፤
አንድ ጣት። ዞርኩና ልጁን አየሁት።
«ማን ነበር የሚነዳት?» አልኩት፣ እያወቅኩት።

አያ ልየውን ማን ያጣል? ሃያ ሁለት ዓመት
ከቡሬ ማርቆስ፣ ከማርቆስ ቡሬ፣
ከጎን ተሳፋሪ፣ ከኋላ በርበሬ፤
ወፍራም ሰው ነበሩ፣ ሳቃቸውም ወፍራም፣
ሲገቡባት «እህ» ትላለች ሁልጊዜም።
ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም።

ሞላ እንዲህ ነው፤ ስሙ ሙላት፣ ሥራው መጉደል፣
ማንም ሳያየው በየቀኑ ዝቅ ማለት፣ ዝቅ ብሎ መዋል።
ተሸካሚ ሲኖር ሚዛን ማን ይጠይቃል?
ሰውየው ከወረደ በኋላ
ክብደቱ በብረት ላይ ይገኛል።

ባያብል ተንበረከከ።
ግራው ሞላ አናት ላይ ጣቱን አጋደመ፣
ከቀኙ ጋር እኩል ሆነ፤
የጎደለውን
በአንድ ጣቱ ሞላው።

«አባዬ ጀምሮት ነበር» አለኝ፣ ከቆየ በኋላ።
ሳቅ ይመስል ነበር።

አዲሶቹን ገጠምኩ። ቡሎኑን አጠበቅኩ።
ክሪኩን ሳወርደው፣ እኔም አልደበቅኩ፣
አማረች። ጎማዋ ፓራፋንጎው ስር ገብቶ፣
ባርኔጣ እንዳደረገ ጎበዝ፣ ዓይኑ ላይ ጎትቶ።
የባጃጅ ልጆች አፏጩ፣ መጥተው ከበቧት፣
አንዱ «ልትወልድ ነው» ብሎ ቀለደባት።

ሦስቱን አሮጌ ሞላ ለቁራሌው ተወልኝ።
ግራውን ግን በጃኬቱ ጠቀለለው፤
ጭቃውን አላጠበው፣ እኔም አላልኩትም፤
ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣
ቀበቶ አሰረለት።

ከጋራዡ በር እስከ አስፋልቱ መቶ እርምጃ አይሞላም፤
ከባንኩ ፊት ያለውን ጉብታ አላሰብኩትም።
ቆሜ አያለሁ፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ።
ቀስ አለ። በጣም ቀስ አለ።
ሆዷ ጉብታውን ሲነካ
«እህ»
አለች።