ጥቁሩ ቦሎቄ

አጥኚው ከኩስኮ መጣ፣ ፖስታና ሚዛን ይዞ፣
በዳገቱ ትንፋሹ አጥሮ፣ ጣቱ በውርጭ ደንዝዞ።
ዶሚቲላ ዘረገፈች፣ የቦሎቄዋን ስልቻ፤
ነብርማው ከወይን ጠጁ፣ ቡራቡሬው ከዳልቻ።

«ለየብቻ ላሽገው?» ቢላት
ሳቀች፤ «አብረው ነው የሚበቅሉት፤
ውርጭ ያንዱን አንገት ሲቀጭ፣ የቀሩት ናቸው የሚያበሉት።»

በዓመቱ ደብዳቤ መጣ፤ የልጅ ልጇ ታነብ ጀመር፦
«መንታ የመሰሉን ሁለቱ፣ ባዳ ናቸው ዘር ቢቆጠር፤
ጥቁሩ ግን ወገኑ ሩቅ ነው፤ ቦሊቪያ፣ ታሪሃ ቆላ፤
እዚህ ማን አመጣው?» ይላል።
ዝም አለች፣ አንዷን ፍሬ በመዳፏ አንከባልላ።

ባሏን ሳታውቀው በፊት፣ አንድ በቅሎ ነጂ ነበረ፣
ከኪሱ እፍኝ ሰጥቷት፣ ሳይነጋ የተሻገረ።

መልስ አላከችም።
ዘንድሮ ግን ጥቁሩን ከሌላው ለየችው፤
ማንም ሳያይ፣ ከመስኮቷ ሥር፣ ለብቻው ዘራችው።