ይጠብቃል

ግጥሜን ወሰደችው ይታይሽ አንማው፣
ሃያ ዓመት በሣጥን ታጥፎ የከረመው፣
ዐሥር መስመር ብቻ፣ ጠርዙን ብል የበላው።
«ለስምንት ድምፅ» አለች፣ «ለክራር፣ ለቼሎ፣
ዋሽንቱ ከኋላ ይመጣል ዘግየት ብሎ።»
እኔ ምን አውቃለሁ? ግጥም ጸሐፊ ነኝ፣
ኖታ ሲያቀርቡልኝ የጉንዳን ሰልፍ የሚመስለኝ።

ቤቷ ሽምብጥ ነው፣ ከቆርቆሮ ሥር፤
ፒያኖ የላትም፤ ያላት ኪቦርድ ነው፣ ሁለት ቁልፉ የማይናገር፤
መብራት ከሄደማ እሱም ዝም ብሎ ማደር፤
ያኔ በጣቷ ነው ጠረጴዛ ላይ ምት ስትቆጥር።
ቅዳሜ ሠርግ ትጫወታለች፣ ለኪራይ፣ ለመብል፤
ይኼን ግን ማንም አላዘዛት፤ ከፋይም የለው፣
እንዲሁ ነው፣ እንደ ስለት፣ እንደ በደል።

ትደውላለች ደግሞ፣ ሌሊት በስድስት ሰዓት፦
«ይቅርታ፣ አንድ ነገር፤ ያቺ ‹ማዕበል› ያልካት፣
‹ዕ›ዋን ታሰማታለህ ወይስ ትውጣታለህ?
እዚያ ጋ ለሴቶቹ ትንፋሽ ልሰርቅ ነው፣ ትፈቅዳለህ?»
የእኩለ ሌሊት ስልክ የለቅሶ ነው፣ የመርዶ፤
እሷ ስለ አንዲት ፊደል፣ ልቤ እንዲያው በከንቱ ወርዶ።

ግጥሙ ስለ አባቴ ነው።
ጌሾ ጭኖ ከዘጌ፣ በደንገል ታንኳ፣ ለቅዳሜ ገበያ፣
ወገቡን በነጠላ ጠፍሮ፣ ገና ሳይነጋ ለዓይን ማያ።
በሦስተኛው ቀን ታንኳዋ ከደብረ ማርያም ቄጤማ ተጠግታ
ተገኘች፤ ጌሾው እርጥብ፣ ገመዱ እንዳለ፣ ሳይፈታ።
እሱን ግን ጣና አልመለሰም፤ የቀበርነው ልብሱን ነው።
«ደርሼ እመጣለሁ፣ አባቴ አለ።» የግጥሜ መዝጊያ ይኸው።
«አለ» ማለቴ ተናገረ፤ «ለ» ላልታ የምትነበብ፤
ተናግሮ የወጣ ሰው፤ ያለቀ፣ የተዘጋ ሐሳብ።

ልምምዱ ሐይቅ ዳር ነው፣ የሠርግ ወንበር በተከመረበት፣
በመስኮት ጣና ይታያል፣ እንቦጩ እንደ ሰሌን የተነጠፈበት።
ባሱ ሙሉሰው ነው፣ ቀን ቀን የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፤
ጥፍሩ ሥር ግራሶ፤ ድምፁ በጫማዬ ገብቶ ጉልበቴ ላይ አገኘኝ።
ቼሎው ብቻውን ጀመረ፣ ከአንቺሆዬ ወጥቶ ስም ወደሌለው ቅኝት፤
ክራሩ እንደ መቅዘፊያ ጠብ፣ ጠብ፣ በየመሐሉ ዝምታ ያለበት፤
ዋሽንቱ ዘግይቶ ገባ።

ከዚያ ያ መስመር መጣ።
«አባቴ» አሉ ሴቶቹ፣ ቀስ ብለው፣ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ።
«አል—» አሉ ስምንቱም።
«ል»ን አለቀቋትም፤ ምላስ ሁሉ ላንቃ ላይ እንደተጣበቀ፣
አራት ምት፣ ስምንት ምት፣ አዳራሹ በአንዲት ፊደል ተጨነቀ፤
ኋላ «—ለ»፣ እንደ ታሰረች ታንኳ፣ ከጉቶዋ እንደተለቀቀች።

ተሳስታለች።
«ተናገረ» ያልኩትን «ይኖራል» ብላ አነበበች።

እጄን አነሣሁ፤ ልነግራት ሰዋስዉን፣
ላልቶ የሚነበበውን፣ ጠብቆ የሚነበበውን።
መብራት ጠፋ።
አላቋረጡም። በጨለማ ያቺ «ል» ቀጠለች፣
ከግድግዳው፣ ከመስኮቱ፣ ከውሃው እየተመለሰች፤
ሃያ ዓመት «ተናግሮ ሄደ» ብዬ የዘጋሁት በር
በስምንት ባዳ አፍ ሲንኳኳ፣ ከውስጥ የሚመልስ ነበር።

እጄን አወረድኩ።

መብራቱ ሲመጣ ኖታዋን ዘረጋችልኝ፤ «የሚታረም ነገር?»
በእርሳስ ተሞልቷል፤ «እዚህ ትንፋሽ»፣ «ዋሽንት፣ አትቸኩል»፣
ላጲስ ያጠቆረው ዳር።
ከዚያች ከ«አለ» አናት፣ በቀለበት ተከብቦ፣
ለዘማሪዎቹ ማስጠንቀቂያ፣ በደቃቅ ፊደል ተጣቦ፣
ኖታ የማያውቅ ዓይኔ አንድ ቃል ለቀመ፦

ይጠብቃል።

እሷ ስለ ፊደሉ ነው የጻፈችው።
ፊደሉ ይሁን ሌላ የሚጠብቀው፣ አልጠየቅኋት።
«የለም» አልኳት።
ሃያ ዓመት ስለ እሱ ብቻ ስላት የኖርኩትን ቃል
ለእርሳስ ጽሑፍ አዋልኳት።