መንኮራኩር በመንቆረር

በዳግማ ትንሣኤ ሰሞን፣ ባዛሩ ሲተከል ከስታዲየሙ ዳር፣
አንዲት መንኮራኩር በአይሱዙ ተጭና ገባች መንቆረር።
(ደብረ ማርቆስ ማለቴ ነው። አባቴ ግን እስኪሞት
በድሮ ስሟ ነበር የሚጠራት፤
እኔም ቤት መምታት ሲቸግረኝ እሱን እከተላለሁ፣
ውርስ ነው እላለሁ።)

ስምንት ወንበር አላት፤ አንዱ ቢጫ፣ ሰባቱ ዝገት፤
ጄኔሬተሯ ደረቅ ሳል ይዟታል፣ ናፍጣ ይሸታል የቆምንበት።
ቲኬት ቆራጩም፣ አስነሺውም፣ ጫኚውም አንድ ሰው፤
ላመስግን ይባላል፤ ጥድፊያ የሚባል ነገር መኖሩን ማን በነገረው!
አንዱን ያስገባል፤ ብረቷን ይቆልፋል፤ ይነቀንቃል፤
ይከፍታል፤ እንደገና ይቆልፋል፤
የሴቲቱን ነጠላ ጫፍ ከማርሹ አርቆ ይቋጥራል፤
የልጁን ጫማ ጎንበስ ብሎ ያስራል።
ከዚያ አንድ ወንበር ታህል ይለቃታል።
ትቆማለች።
ደግሞ ሌላው ይገባል።

ውሃና ፍሳሽ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣
ገቢና ወጪ ካልገጠመ ጨጓራዬን የሚያመኝ።
አንድ ሰዓት ተኩል ቆሞ፣ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ መዞር፣
ቢያባዙት ቢያካፍሉት ኪሳራ ነው፣ ሌላ ስም አልነበረውም በእኔ መዝገብ፣ በእኔ ቁጥር።
«ትርንጎ፣ እንሂድ፤ ኬክ ልግዛልሽ» አልኳት፤
የእህቴ ልጅ ናት፣ የፊት ጥርሷ የወለቀባት።
አልሰማችኝም። አንገቷን ሰቅላ
ወንበር ትቆጥራለች፣ ቢጫው እንዲደርሰን በልቧ ተስላ።

አንዱ ጎረምሳ ተማረረ፦ «ሬሳ ነው እንዴ የሚጭነው?»
ከኋላችን አያ ቢተው፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፦
«ሬሳማ ቢሆን ቶሎ ይጫን ነበር፤
ሰልፍ የሌለበት እሱ ብቻ ነው፣ እዚህ አገር።»
ሰልፉ ሳቀ።
ከዚያ ዝም አለ፣ የሳቀውን ያህል።

ተራችን ደረሰ። ቢጫው አመለጠን፤ የእኛ ዝገቱ።
ቆለፈ፣ ነቀነቀ፣ ከፈተ፣ ቆለፈ፤ አይ ትዕግሥቱ!
አንድ ወጣን። ቆምን። የባዛሩ ሸራ ከእግራችን ሥር፤
ደግሞ አንድ። ስታዲየሙ ውስጥ የማን እንደሆነ ያልታወቀ በሬ፣ ሣር ሲግጥ፣ ያለ ከልካይ፣ ያለ አጥር።
ደግሞ አንድ። የአብማ ባሕር ዛፍ ጫፍ ከዓይናችን ትክክል፤
ደግሞ አንድ። ከሁሉ በላይ።
ቆምን።
ቀረን።

እታች አያ ቢተው ይሳፈራሉ። ከዘራቸው ብረቱ ውስጥ ተሰንቅሮ፣
አንድ እግራቸው ገብቶ፣ አንዱ መሬት ላይ ቀርቶ፣
ላመስግን ጉልበታቸውን አቅፎ ይጠብቃል፣ ዓመት ያለው ይመስል።
ላይ ግን ነፋስ አለ። ወንበሯ ሲጢጥ ትላለች።
ጮቄ ግማሹ ደመና፣ ግማሹ እርሻ፤
አርባ ዓመት ኖርኩ እዚህ፤ በሩን አውቃለሁ፣ አጥሩን አውቃለሁ፤
የከተማዬን ጣራ ግን ዛሬ አየሁ፦
ድንጋይ የተጫነበት፣ ጎማ የተጫነበት፣ በርበሬ የተሰጣበት፣
አንዲት ድመት እንደ ባለርስት የምትንጎማለልበት።

ትርንጎ ልትነሣ ስትል ያዝኳት።
«ኳሴ!» አለች፣ ጣቷን ወደ ቤታችን ቀስራ።
ቆርቆሮው ስርጉድ ውስጥ፣ ቁልጭ ብሎ፣ ቢጫው ኳስ፤
ከኅዳር ጀምሮ፣ የጎረቤቱን አንማውን «ሌባ» ብላ
እናቱ ድረስ ሄዳ የከሰሰችበት፣ ባልንጀርነቱን አፍርሳ።

ከዚያ ዞረ። አምስት ዙር።
ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ስለሱ የምናገረው የለኝም።

ወርደን ስንሄድ ከሰልፉ ጭራ አንዱ ያዘኝ፦
«ወንድሜ፣ ያዋጣል? ይህን ሁሉ ቆሞ?»
አፌን ከፈትኩ፤ ሒሳቡ አልመጣ አለኝ።
«እንደሚከተልህ ሰው ነው» አልኩት፤
ቀና ብሎ አየኝ፣ ያሾፍኩበት መስሎት።

ትርንጎ ፊት ፊቴን ትሮጣለች፤
ባጃጅ መቆሚያው ጋ ስትደርስ ግን ዝግ አለች።
በሰፈሩ መሰላል ያለው
እነ አንማው ቤት ብቻ ነው።