በጆሮ የተመረጠ

ስቶያን ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣
ሁለቱን ባለ አራት ምት ጎን ለጎን አስተኝቶ፣
«ምረጥ» አለኝ፣ «ቶሎ፣ መዝጊያ ሰዓት ደርሷል፤
ከናኖስ ላይ ቡርያ ማፏጨት ጀምሯል።»
አይዶቭሽቺና ላይ ቡርያ የተነሳ ለት
ጣራም ድንጋይ ይጫናል፣ እንኳን የሱቅ መስኮት።

አንዱ ሀያ ሲሲ፣ ትከሻው የሰፋ፣
ዘጠኝ መቶ ግራም፣ ኩሩ፣ የተነፋ፤
ሌላው አስራ አምስት፣ ከሲታ፣ ያገለገለ፣
ክዳኑ የተጫረ፣ ብሎኑ የጎደለ።

ማቲያ፣ የልጅ ልጁ፣ ካጠገባችን ሆኖ፣
«ባለ ሁለት ምቱስ?» አለ በእኔ አዝኖ፤
«ክብደቱ ቀላል ነው፣ ዋጋው ርካሽም፣
ቫልቭ የለው፣ ዘንግ የለው፣ ራስ ምታት የለም።»

እውነቱን ነው ልጁ፤ ያም ያበርራል ደህና።
ግን ጩኸቱ የትንኝ፣ ቀጭን ነውና፣
አምና ወይዘሮ ዝላትካ ባዶ ቀፎ ተሸክማ
መጣች እስከ ሜዳው፣ ፊቷን አጨልማ፤
«ንቦቼ መንገዱን፣ ቤታቸውን ሳቱብኝ፤
ወይ ድምፁን ቀንሱ፣ ወይ ሜዳውን ልቀቁልኝ!»
ክለቡ ተሰብስቦ እጁን አወጣ፤
አስራ አንድ ለአምስት፣ ለንብ ፍርድ ወጣ።

ለስቶያን የነገርኩት ምክንያት ይቺ ናት።
ሌላም ነበረችኝ።

ስቶያን እርሳሱን በምራቅ አራሰ፤
ጋዜጣው ዳር ላይ ደመረ፣ ቀነሰ፤
«ሀያውን ካሰርከው አፍንጫዋ ይከብዳል፣
ጭራዋ ላይ ደግሞ እርሳስ መለጠፍ ይመጣል፤
ጉልበት ፍለጋ ክብደት፣ ክብደት ሊሸከም ጉልበት፣
ይህ እኮ ዕዳ ነው፣ አራጣ ያለበት።»

«አስነሳቸው» አልኩት። «ሁለቱንም ልስማ።»

ጓሮው የጉሎ ዘይት፣ የናይትሮ ሽታ ሆነ።
ሀያው ባንድ ግፊት ተነስቶ ጀነነ።
ትልቅ ነው፣ አልዋሽም፤ ጉልበቱ ያስፈራል፤
ግን እንደ ሰካራም ቃሉን ይደራርባል።

ከሲታው አስነጠሰ፣ ሦስቴ እምቢ አለ።
በአራተኛው፦
ይስባል፣
ይጨምቃል፣
ይፈነዳል፣ ይተፋል፤
ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ይፈነዳል፣ ይተፋል።
እያንዳንዷን ምት ለይቼ ሰማኋት፣
በእንጨት ደረጃ ላይ እንደሚወርድ ሰው ኮቴ።

ለስቶያን ያልነገርኩትን ለእናንተ ልናገር።
ሠላሳ አንድ ዓመት በሽመናው ፋብሪካ
ስድሳ መወርወሪያ ሲደበድበኝ በየተካ፣
ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ወስዶት ኖሯል ለካ።
የወፍ ድምፅ ሄዷል፤ የጀበና ፉጨት ሄዷል፤
የቬስና ሳቅ እንኳ የላይኛው ግማሹ ጎድሏል።
የቀረኝ ወፍራሙ፣ ከበታች ያለው፤
ትራክተር፣ ነጎድጓድ፣ እና ይሄ፣ ይኸው።

አውሮፕላን ሽቅብ ስትቆም፣ ቀጥ ብላ፣ ርቃ፣
ክንፏ ክር ያክላል፤ ዓይን የለውም በቃ።
ፍጥነቷ ሲያልቅ ግን ሞተሩ ድምፁን ይሰብራል፤
መሪዋን በዚያች ቅጽበት መምታት ይገባል።
ብቀድም ትንሸራተታለች፣
ብዘገይ በጭራዋ ትወርዳለች።
ባለፈው መስከረም ትንኙን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣
ቀዩዋ ከወይኑ መሃል ገባች ድብልቅልቅ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤
እኔ ዘግይቼ ነው የለቀምኩት ሁሉን፣
ክንፍ፣ ባትሪ፣ ጎማ፣ የበሰለ ወይን ጭምር።

«አስራ አምስቱን» አልኩት።
ስቶያን መሳቢያውን ጎርጉሮ አንዲት ብሎን አገኘ፣
በጥርሱ ይዟት ክዳኑን ገጠመ፣
የቫልቩን ክፍተት በቀጭን ልኬት ዳሰሰ።
የሆነ ነገርም አለ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ሞተሩ ገና ትኩስ ነው፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣
ከነደመረው፣ ከነቀነሰው።
ከበሩ በላይ ትንሽ ደወል አለች።
ስወጣ ቀና ብዬ አየኋት፤
ትወዛወዛለች።