የተረፈው ብሎን

አሳሂካዋ ላይ ብርዱ አይቸኩልም፤
በልመና አይሄድም፣ በቁጣም አይቀልም።
አምስት ወር በረዶው ጣራውን ተጭኖ፣
መንገዱን ከድኖ፣
ፉሳኤ ከአምፖል ሥር ጉልበቷን አጥፋ
ሞተሯን ፈታታች፣ ሰፊ ጨርቅ አንጥፋ።

መጠኑ መካከል ነው፤ አራት መቶ ሲሲ፤
አባትሽ ማን ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት»
እንዳለችው በቅሎ፣
ድምፁን ካንዱ ወርሶ፣ ሆዱን ካንዱ ታድሎ።

ካንዴላውን ነቅላ በብሩሽ ፈተገች፤
ኑግ የመሰለውን ዘይት አፈሰሰች፤
የቫልቩን ክፍተት በስስ ብረት ቅጠል
ለካች፤ ጠበበባት፤ አላላች በጥቂት፤
የወጥ ጨው ነው ነገሩ፤ ቢበዛም ቢጎድል
እኩል ያበላሻል የለፉበትን ሌሊት።
ለካቴናው ግራሶ፣ ለፍሪሲዮኑ ሽቦ፣
ሁሉም በየተራ፣ ሁሉም ተሰብስቦ
ቦታው ተመልሶ፣ ጠብቆ ከታሰረ፣
ከጨርቁ መሐል ላይ
አንድ ብሎን ቀረ።

አጭር፣ ባለ አሥር ቁልፍ፣ ጥርሱ ያልተበላ።
ሞተሩን ዞረችው፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፤
ባትሪ አብርታ ፈተሸች፣ በጣቷ ዳሰሰች፤
ጉድለት አላገኘች፤
ትርፍ ብቻ ይዛ ቀረች።

«ብሎን ከተረፈሽ» አለ ሄይኪቺ፣
ጎረቤቷ ነው፣ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፣
«ከፋብሪካው ይልቅ አዋቂ ነሽ አንቺ፤
ወይም የፊት ጎማሽ ቀድሞሽ ይገባል ባሕር።»

ደግማ አልፈታችውም።
ብሎኑን ደረት ኪሷ ውስጥ ቆልፋ
ሰኔ ላይ ተነሣች፤
ድንኳን፣ የዝናብ ልብስ፣ ፒንሳ፣ አንድ ሊትር ዘይት።

ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድታለች፦
ከጣቢያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ጣቢያ።
ያ መንገድ ተፈትቶ ቢዘረጋ ኖሮ
ምድርን ያስር ነበር ሃያ ጊዜ ዞሮ፤
እሷ ግን የከተማውን ዳር አልተሻገረች።

በሩሞይ በኩል ነው፤ ባሕሩ በግራዋ፤
ከፊት የሚመጣ ሞተረኛ ሁሉ
እጁን ያነሣላታል፣ እንደ ዘመድ።
የነፋስ ወፍጮዎች በረድፍ ይዞራሉ።
ሪሺሪ ተራራ ከባሕር ተነሥቶ
ነጭ ቆቡን ደፍቶ
ቢጠብቃት ቆሞ፣ አላየችውም፤
ልቧም ጆሮዋም ከማርሚታው ዘንድ ነው።
ጢቅ ይላል፤ እሱ ይሆን?
ጥርር ይላል፤ እሱ ይሆን?
ወይስ ጉልበቴ ነው፣ ስልሳ ሦስት የሞላው?
ማታ ከድንኳኗ እየወጣች
ዳዶውን አንድ በአንድ ትነካካለች፣
ያተኮሰው ልጅ ግንባሩ እንደሚዳሰስ።

ቴሺዮ ማደያ አንድ ወጣት አገኘች።
ታይጋ ይባላል፤ ከናጎያ የመጣ፤
ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ፣ በብድር የወጣ፣
የሚያብረቀርቅ፣ ዝሆን የሚያህል ነገር፤
ግን ታርጋው በጫማ ክር ተንጠልጥሎ ነበር።
«ብሎኑ መንገድ ላይ ወልቆብኝ ነው» አለ፣
ጆሮው እየቀላ።

ኪሷን ከፈተች።
ሦስት ዙር በጣት፣ ግማሽ ዙር በቁልፍ፤
ገጠመ።
ልጁ ወገቡ እስኪታጠፍ አጎነበሰ፤
የሚሰጣት ቢያጣ፣ ከሻንጣው ላይ ነቅሎ
ማደያው የሰጠውን ሰማያዊ ባንዲራ ሰጣት።

ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ጢቅም አላለባት፤
ወይም ብሎ ይሆናል፤
ኪሷ ባዶ ሆኖ ማን ያዳምጠዋል?

ሰሜኑ ጫፍ ላይ ጉም ነበር የጠበቃት፤
ሐውልቱም፣ ባሕሩም፣ ከዚያ ማዶ ያለው አገርም የለም።
የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ብቻ ፎቶ አነሣች፣
ሳቀች፣ ጓንቷን ጨምቃ አጠለቀች።

ኅዳር ላይ በረዶው ተመለሰ፤ ጨርቋን አነጠፈች፤
መቀመጫውን ነቅላ ከባትሪው ሥር አየች፦
አራት ቀዳዳ፣ ሦስት ብሎን።
በአራተኛው ቀዳዳ
ሸረሪት ቤት ሠርቷል፣ ደልቶት፣ ያለ ዕዳ።

አልነካችውም።
ዘይትና ካንዴላ፣ ቀን ከነኪሎ ሜትሩ
የሚጻፍበትን ደብተሯን ገልጣ
አዲስ መስመር ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፦
«የባትሪ መያዣ፤ አንድ ብሎን፤ አልጠፋም።
ናጎያ ነው ያለው።»