አለ ማለት

አፉላ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ወዲያ፣ የፍራሽ መጋዘን እጠብቃለሁ።
ስድስት መቶ ፍራሽ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲተኛ
እኔ ብቻ ነቅቼ አለሁ።

ከፊቴ ዘጠኝ መስኮት፤
በአንዱ በሩ፣ በአንዱ አጥሩ፣ በአንዱ የቆመ መኪና፤
በሰባተኛው ድመት ትገባለች፣ ትወጣና
ስምንተኛው ላይ እስክትደርስ፣ አራት እርምጃ ያህል፣
የትም የለች።
ካሜራው አያያትም። እኔም አላያት። ታዲያ በማን አለች?

ዮኤል የሚባል ሽማግሌ፣ እንቅልፍ የከዳው፣
ቡካሬስት ፍልስፍና ያስተማረ፣ ውሻውን ሊያናፍስ ሲመጣ
ከሽቦው ማዶ ቆሞ ነው የሚያወጋው፦
«ድመቷስ ያለችው በልብህ ነው፤ ታቦርም ቢሆን፣ ያ ተራራ፣
ማንም ካላሰበው የለም። እስኪ አንድ ነገር አምጣልኝ
ከሐሳብ ውጭ ያለ፣ ለራሱ የሚኖር፣ የማንንም ዓይን የማይጠራ።»
ላመጣለት አሰብኩ።
ያሰብኩት ሁሉ ሐሳብ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ፤ ተሸነፍኩ።
ውሻው ግን አጥሩ ሥር አነፈነፈና
ማንም ወዳላሰባት ወዲያ ጮኸ፣ ደጋግሞ፤
ገመዱን ሳበ ዮኤል፤ «እሱም ያስባላ!» አለ፣ ትንሽ ተቀይሞ።

በየሰዓቱ ሬዲዮው ይንጫጫል። ኦስናት ናት፣ ከሃይፋ፤
«ጋድ፣ አለህ?»
ገዳሙ ነኝ። የመዘገበችኝ ልጅ ሰልፉ ረዝሞባት
ግማሹን ጻፈች፤ ግማሹ የት እንደገባ እንጃ፣ ጠፋ።
«አለሁ» እላለሁ፣ በግማሽ ስም።
የቀረው ግማሽ፣ ማንም የማይጠራው፣ እሱስ አለ ወይስ የለም?

በአማርኛ «አለ» አንድ ቃል ነው፤ ኖረም፣ ተናገረም።
ያለ አለ፤ ያላለ የለም።
ይህን ለዮኤል ልነግረው ብዬ በዕብራይስጥ አልሆነልኝም፤
እዚያ የሚኖረው ሌላ፣ የሚናገረው ሌላ፤ አይገናኙም።

ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ኦስናት አልጠራችኝ።
አምስት ደቂቃ። አሥር። ሬዲዮው ዝም አለ።
ዘጠነኛው መስኮት ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤
ማጅራቱ የአባቴን ይመስላል።
እጄን አነሳሁ። ቆየት ብሎ፣ እንደሚያመነታ፣ እሱም አነሳ።
ማን ማንን እንደሚጠብቅ ግራ ገባኝ።

ያኔ ነው የሰማሁት፣ በገዛ አፌ፣ ስንት ዘመን ስለው የኖርኩትን፦
ዝምታም እኛ ዘንድ «አለ» ይባላል።
ስድስት መቶው ፍራሽ ዝም አለ። ታቦር ዝም አለ።
ገዳሙ ዝም አለ።
አለ።

ድመቷ በስምንተኛው ብቅ አለች፤
ቀና ብላ ካሜራውን አየች።